እሸት ለእንግዳ፦ የቤተሰብ እርሻን በየወቅቱ ለጎብኚ እንዴት መክፈት ይቻላል?

ነገሩ የተጀመረው በበቆሎ እሸት ነው። አንድ መስከረም ወንድሜ የሥራ ባልደረቦቹን ከነልጆቻቸው ከባሕር ዳር ይዞ መጣ። እርሻችን መርዓዊ አካባቢ ነው፤ በመኪና አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ልጆቹ በቆሎው ውስጥ ገብተው ጠፉ። እሸት ተጠበሰ፣ ቡና ተፈላ። ማታ ሊሄዱ ሲሉ አንዱ አባወራ እናቴን ብር አስጨበጣት። ፊቷ ልውጥ አለ። «ምነው ልጄ፣ ጠጅ ቤት መሰለህ እንዴ?» ብላ መለሰችለት።

ሰውዬው ክፉ አላሰበም። የበላው እሸት ገበያ ቢወጣ ገንዘብ ነበር። እናቴም አልተሳሳተችም። እኛ አገር እንግዳ በልቶ፣ ጠጥቶ፣ ተመርቆ ይሸኛል እንጂ ሒሳብ አይጠየቅም። እርሻችሁን ለጎብኚ ልትከፍቱ ካሰባችሁ መጀመሪያ የምትፈቱት ቋጠሮ ይሄ ነው። ማስታወቂያውም፣ መንገዱም፣ ዳሱም ከዚህ በኋላ ይመጣል።

መጀመሪያ፦ የሚሸጠውንና የማይሸጠውን ለዩ

ቤተሰቡን ሰብስቡ። አባት፣ እናት፣ ልጆች፣ ምራት ካለችም እሷ። በተለይ ጓዳው በእጇ ያለውን ሰው ሳታማክሩ አትነሱ፤ ሥራው የሚበዛው እሷ ላይ ነው። እኛ ሁለት ምሽት ተከራክረን እንዲህ ተስማማን። ማሳ ገብቶ መዞር ይከፈልበታል። እሸት በራስ ይቆጠራል። ማር በኪሎ ይሸጣል። ምሳ ቀድሞ ላዘዘ ብቻ ይዘጋጃል፣ ይከፈልበታል። ቡና ግን አይሸጥም። ቡናው የእናቴ ነው፣ ለመጣው ሁሉ ይፈላል።

ሒሳቡ የት እንደሚከፈልም ወስኑ። እኛ ጋ የሚቀበለው ወንድሜ ነው፤ ገና ከመኪና ሲወርዱ፣ አጥሩ በር ላይ፣ በጥሬ ብርም በቴሌብርም። ከዚያ ወዲህ ገንዘብ አይነሳም። እንግዳው ቤት ሲደርስ እንግዳ ሆኖ ይገባል። እናቴ ስለ ብር አታወራም፣ ማንም እጇ ላይ አያስጨብጣትም። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ይህን ባናደርግ ኖሮ ግን በሁለተኛው ሳምንት ሁሉም ነገር ይቀር ነበር።

ቀጥሎ፦ ዓመቱን በወረቀት ላይ አስቀምጡ

እርሻ ዓመቱን ሙሉ የሚታይ ነገር የለውም። ደግሞም ዓመቱን ሙሉ እንግዳ የሚቀበል ገበሬ መቼ ያርሳል? ስለዚህ ወራቱን ጻፉና ከጎናቸው ማሳው ላይ ምን እንዳለ አስፍሩ። የእኛ ወረቀት ይህን ይመስላል።

ሐምሌ ዝግ ነው። ጭቃው መኪና ይውጣል፣ እኛም አረም ላይ ነን። ከነሐሴ መጨረሻ እስከ መስከረም የበቆሎ እሸት አለ። በዚያው ሰሞን አደይ አበባ ይፈነዳል፣ ጢስ ዓባይም ሞልቶ ይወርዳል፤ ፏፏቴውን ሊያይ ከሩቅ የመጣ ሰው አንድ ቀን ጨምሮ ማሳ ማየት አይከብደውም። ጥቅምት ላይ ኑጉ ያብባል። ማሳው ሙሉ ቢጫ ይሆናል፣ ፎቶ የሚወድ ወጣት በዚያ ሰሞን ሳትጠሩት ይመጣል። ጥቅምትና ኅዳር የማር ወር ነው። ከኅዳር ጀምሮ ጤፍ ይታጨዳል፣ ታኅሣሥና ጥር አውድማ ነው። ጥር ላይ አገሩ ራሱ በዓል ነው፦ ጥምቀት በ11፣ አስተርዮ ማርያም በ21፣ በ23 ደግሞ እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች በዓል። ወደ እንጅባራ የሚወርደው ሰው በመርዓዊ በኩል ነው የሚያልፈው።

ይህን ሁሉ በአንድ ዓመት ልክፈት አትበሉ። ሁለት ወቅት ምረጡ። እኛ እሸትና አውድማ መረጥን። ማሩ በሦስተኛው ዓመት ነው የተጨመረው፣ እሱም መዘዝ ነበረው፤ እመለስበታለሁ።

የእናንተ አገር ሌላ ከሆነ ወረቀቱም ሌላ ይሆናል። ዘጌ ያለ ሰው የቡና ለቀማ አለው። ደጋ ያለ ሰው ድንች፣ ገብስና ፈረስ አለው። ጮቄ ተራራ ሥር ያለው መንደር እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2022 በዓለም የቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ተርታ ተመድቧል። ያንን መንደር ሰው የሚወደው ተራራውንና የገበሬውን ኑሮ አብሮ ስለሚያይበት ነው። እናንተም ያላችሁን እንጂ የሌላችሁን አትፈልጉ።

እሸቱን ለእንግዳ መዝራት

ለጎብኚ የሚሆን በቆሎ አዘራሩ ይለያል። ሁሉን በአንድ ቀን ከዘራችሁት ሁሉም በአንድ ሳምንት ይደርስና በሚቀጥለው ቅዳሜ የመጣው እንግዳ ድድ የሚያደማ በቆሎ ይጠብቀዋል። እኛ ግማሽ ጥማድ ለይተን በሦስት ከፍለን በ10 በ10 ቀን ልዩነት እንዘራለን። መስኖ ያለው ደግሞ የተሻለ ይጫወታል። እዚሁ መርዓዊ አካባቢ ያለው የቆጋ መስኖ 7,000 ሄክታር ያህል እንዲያጠጣ ታስቦ የተሠራ ነው፤ በዚያ ዙሪያ ያለ ገበሬ በሚያዝያ እሸት ማቅረብ ይችላል። በሚያዝያ እሸት ያገኘ ከተሜ ደግሞ ሩቅ አይለውም።

መድረሱን እንግዳው ራሱ እንዲለይ አስተምሩት። የሚወደው ይሄን ነው። የበቆሎው ጺም ደርቆ ቡናማ ሲሆን ሽፋኑን በትንሹ ገለጥ አድርጎ ፍሬውን በጥፍሩ ይጫን። ወተት የመሰለ ነገር ፊጭ ካለ ደርሷል። ውሃ ከሆነ ገና ነው፤ ምንም ካልወጣ አልፎበታል። አንዲት የአሥር ዓመት ልጅ ይህን ከተማረች በኋላ አባቷ የቆረጣቸውን ሦስት ራሶች «ያለፈባቸው ናቸው» ብላ ጥላበታለች። ያለፈባቸው ይጠፋሉ ብላችሁ አታስቡ፣ ይደርቁና እህል ይሆናሉ። እሸቱ የተቆረጠለት አገዳም ለከብት ነው።

የመጀመሪያው ዓመት ጥፋታችን ወሰን አለማበጀታችን ነበር። እንግዳው በቆሎውን አልፎ ባቄላው ላይ ወጣ። ያን ዓመት ከባቄላው ያገኘነውን ባልናገር ይሻላል። አሁን ገመድ እንዘረጋለን፣ በገመዱ ውስጥ የፈለጉበት ይሂዱ።

አውድማው

እኔን ከጠየቃችሁኝ ከሁሉም የሚበልጠው አውድማ ነው። ሰው እንጀራ ሲበላ ኖሮ ጤፍ ሲወቃ አይቶ አያውቅም።

አውድማው ቀድሞ ተጠርጎ በእበት ይለቀለቃል። አባቴ ወደ አውድማ የሚገባን ሰው ጫማ ያስወልቃል፤ እህሉ ላይ በጫማ አይቆምም ባይ ነው። እንግዶች መጀመሪያ ይገረማሉ፣ ከዚያ ደስ ይላቸዋል። በሬዎቹ ሲያበራዩ ልጆች አብረው እየሄዱ ይነዳሉ። ለዚህ ሥራ ወይፈን አታቅርቡ፤ ያረጀና የተረጋጋ በሬ ምረጡ። ልጆቹን ከበሬው ፊትም ኋላም ሳይሆን በጎኑ በኩል አስኪዱ።

ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ መንሽና ላይዳ፣ እህሉን ወደ ላይ በትነን ከእብቁ የምንለይባቸው የእንጨት መሣሪያዎች፣ ይወጣሉ። ላይዳውን ለእንግዳ ስትሰጡ የነፋሱን አቅጣጫ አሳዩት፣ ወይም አታሳዩት። አንድ የባንክ ሠራተኛ ፊቱን ለነፋሱ ሰጥቶ ወደ ላይ በተነው። እብቁ ተመልሶ እራሱ ላይ፣ አንገቱ ውስጥ፣ ዓይኑ ውስጥ ገባ። ሚስቱ ቪዲዮውን ቲክቶክ ላይ ለቀቀችው። ለእኛ ከማንኛውም ማስታወቂያ የበለጠ ሰው ያመጣው ያ ነው።

አንድ ምክር ልጨምር። ውቂያው የእውነት ይሁን። ለካሜራ ብላችሁ ባዶ ገለባ ላይ በሬ ብታዞሩ ያስታውቃል። ወንፈል፣ ማለትም በተራ ለመተጋገዝ፣ የሚመጡት ጎረቤቶቻችን ሲዘፍኑ እንግዳው ይቀላቀላል፤ ባይኖርም ሥራው ይሠራል።

ንቦቹ

ማሩን ስንጨምር ቀፎዎቹ ከቤቱ ጓሮ ነበሩ። ጥቁር ጃኬት የለበሰና ሽቶ የተነሰነሰ እንግዳ ልቅረብ ብሎ ቀረበ። ንብ ደግሞ ኃይለኛ ሽታና ጥቁር ነገር አትወድም። ሰውዬው እየሮጠ ቤት ሲገባ ንቦቹም አብረውት ገቡ። ያን ቀን ቡና የጠጣ የለም።

አሁን ቀፎዎቹ ከማሳው ጥግ፣ በአጥር ተከልለዋል። ቅርብ ሆኖ የሚያየው በአንድ ጊዜ ሁለት ሰው ብቻ ነው፣ መከላከያ ልብስና መረብ አጥልቆ፣ አመሻሽ ላይ። ሌላው ከሩቅ ያያል። ንብ ነድፎት ትንፋሽ አጥሮት የሚያውቅ ሰው ከአጥሩ አያልፍም። ይህን ሲመጡ ጠይቁ፣ አትፈሩ። ማሩን ከነሰፈፉም፣ ተጣርቶም አቅርቡ፤ ከተሜው ከነሰፈፉ ያለውን ይመርጣል፣ እውነተኛ መሆኑን የሚያምነው እሱን ሲያይ ነው።

ሽንት ቤት፣ ውሃ፣ ምግብ

ሽንት ቤት ሳይኖር እንግዳ አትጥሩ። ጥልቅ ጉድጓድ፣ የሚዘጋ በር፣ ውሃና ሳሙና። ከውሃ ጉድጓዳችሁ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ። ሴት እንግዶች ተመልሰው የሚመጡትም የሚቀሩትም በዚህ ነው።

ልጆች የመስኖ ቦይ ውስጥ ገብተው እንዳይንቦጫረቁ ከልክሉ፤ በጣና ዙሪያ ብልሃርዚያ አለ። የሚያድር ካለ አጎበር ስቀሉ፤ ከክረምት በኋላ ያለው ጊዜ የወባ ነው። ውሻውን እሰሩ፣ አስከትቡትም።

ምግብ ላይ አትራቀቁ። የዳጉሳ እንጀራ፣ ሽሮ፣ ድፎ ዳቦ፣ እርጎ ይበቃል። ወተት ሳይፈላ አትስጡ፤ «ትኩሱን ከላሟ ሥር» የሚል ከተሜ ይኖራል፣ ይቅርብዎት በሉት። ረቡዕና ዓርብን አትርሱ። ከኅዳር 15 ጀምሮ የነቢያት ጾም ስለሆነ የአውድማው ምሳ አብዛኛው የጾም ነው፤ ገና ካለፈ በኋላ ወደ ቅቤው ትመለሳላችሁ።

ዋጋ፣ ጎረቤት፣ ቀበሌ

ለእሸቱ ዋጋ ስታወጡ የመርዓዊ ገበያን ሳይሆን የባሕር ዳርን የጥብስ በቆሎ ዋጋ ተነሱበት፤ እንግዳው የሚያውቀው እሱን ነው። ለመግቢያው ደግሞ ያን ቀን ከሥራ የቀሩትን ሰዎች ቁጠሩ። ሁለት ሰው ቀኑን ሙሉ ከዋለ የሁለት ሰው የቀን ሥራ ዋጋ በትንሹ መውጣት አለበት። ካልወጣ እየደከማችሁ ያላችሁት በነፃ ነው።

ጎረቤት ከሁሉ ይቀድማል ማለት ነበረብኝ። መኪናው የሚያልፈው በእነሱ ደጅ ነው፣ አቧራውን የሚውጡት እነሱ ናቸው። እኛ በቅሎ ማስጋለቡን ለአንዱ ጎረቤት፣ መኪና ጥበቃውን ለሌላው ልጅ፣ ጠላውን ለሦስተኛው ቤት ሰጥተናል። የእነሱን ገንዘብ በእኛ እጅ አናሳልፍም። እንግዳው በቀጥታ ይከፍላቸዋል።

መሬቱ ላይ በግንብ አትቸኩሉ። የእርሻ ይዞታ ላይ ቋሚ ቤት ለንግድ መሥራት የራሱ ጣጣ አለው፤ የቀበሌውን የመሬት አስተዳደር ቀድማችሁ ጠይቁ። ዳስ ይበቃል። ወቅቱ ሲያልፍ ይፈርሳል፣ እንጨቱ ለሌላ ይሆናል። ሥራው ከፍ ሲል የወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ተመዝገቡ፣ ስለ ንግድ ፈቃድም ጠይቁ። ከባሕር ዳር አስጎብኚዎች ጋር መተዋወቅም አይከፋም።

ሰው መጥራት

በቴሌግራም አንድ ገጽ ይበቃል። «እሸት ደርሷል፣ ቅዳሜና እሑድ ክፍት ነን፣ ቀድማችሁ ደውሉ» ይላል። ስንት ሰው እንደሚመጣ ሳታውቁ በር አትክፈቱ፤ እኛ በቀን ከ20 ሰው በላይ አንቀበልም።

ደዋዩ መጀመሪያ የሚጠይቀው «መንገዱ ሰላም ነው?» ብሎ ነው። የአገሩን ሁኔታ ታውቁታላችሁ። አንድ ወቅት ሙሉ ማንንም ሳንቀበል አልፈናል፤ እሸቱን ጎረቤትና ከብት በላው። የሰማችሁትን እንዳለ ንገሩት። ካልተማመናችሁ «ዛሬ አትምጡ» በሉት። የዛሬው ቅዳሜ ቢቀር ሰውዬው በሌላ ጊዜ ይደውላል።

ወቅቱ ሲዘጋ ምን እንደጎደለ ደብተር ላይ ጻፉ፤ በሚቀጥለው ነሐሴ ትረሱታላችሁ። የእኛ የባለፈው ዓመት የመጨረሻ ገጽ እንዲህ ይላል፦ ገመድ ሁለት ጥቅል። ሳሙና። የልጆች ላይዳ ይሠራ። ለእማዬ ተጨማሪ 12 ስኒ።