ጂፒኤሱ ከመስኮቱ እየወደቀ ሲያስቸግረኝ የሠራልኝ መላ

ከጎንደር አዘዞ ተነስተን ወደ ስሜን ተራሮች ስንበር ተንቀሳቃሹ ጂፒኤስ (አቅጣጫ ጠቋሚው) ሁሌ እዚያው አካባቢ ይወድቅብኛል። ነፋሱ ገደሉን መትቶ ሲነሳ ትንሿ አውሮፕላናችን ሴስና ትናጣለች። ጂፒኤሱን መስኮቱ ላይ የሚይዘው መምጠጫ ጎማ ጧ ይልና ዕቃው እግሬ ሥር ፔዳሉ ላይ ያርፋል። በጣም አደገኛ ነው።

መጀመሪያ ጎማውን በውሃ አርጥቤ ለጠፍኩት። ከዚያ አዲስ ገዛሁ፤ እሱም ያው። ለካ ጎማውን መስኮቱ ላይ ጭኖ የሚይዘው የውጭው አየር ግፊት ነው። አዘዞ ራሱ ወደ 1,970 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ ከዚያ በላይ ሲወጣ ደግሞ ጎማው ይበልጥ ይላላል። መስኮቱን በአልኮል ልወለውለውም ነበር፤ ደግነቱ መካኒካችን ደረሰልኝ። መስኮቱ አክሪሊክ የሚባል ፕላስቲክ ስለሆነ አልኮል ያሰነጣጥቀዋል። በለስላሳ ጨርቅ፣ በውሃና በቀላል ሳሙና ብቻ ነው የሚጸዳው።

የሠራልኝ በመሪው ላይ በብሎን የሚታሰር ራም የተባለው ድርጅት መያዣ ነው፣ ክንዱ የሚገጠምበት ኳስ 1 ኢንች የሆነው። አስሬው መሬት ላይ እንዳለን መሪውን እስከ መጨረሻው ገፋሁ፣ ሳብኩ፣ ግራና ቀኝ አዞርኩ። ሲሳብ ጉልበቴን ነካኝ፤ ክንዱን በአጭር ቀየርኩት። የቻርጀሩን ገመድ መሪው እንዳይጠመጥመው ላላ አድርጌ አሰርኩት። ጂፒኤሱን እያበራሁና እያጠፋሁም ኮምፓሱን አየሁ፤ አልተዛባም።

በማግስቱ በዚያው ገደል አለፍን። ንቅንቅ አላለም።