ዘጠኝ ሚሊሜትር ካርባይን ሲነክስ ከየት ይጀመራል?

እንደ ዘጠኝ ሚሊሜትር ካርባይን (አጭር ጠመንጃ) ያሉ፣ የሽጉጥ ጥይት የሚጎርሱ ግማሽ አውቶማቲክ ጠመንጃዎች አብዛኞቹ መዝጊያቸው አይቆለፍም። ጥይቱ ሲተኮስ ቀለሃውን ቻምበር (የጥይቱ ማረፊያ) ውስጥ ይዞ የሚያቆየው የመዝጊያው ክብደትና ከኋላው ያለው ሞላ ብቻ ነው። መዝጊያቸው ለዚያች ትንሽ ጥይት ያለ ልክ የሚከብደውም ለዚሁ ነው። ብዙ ሰው አንዴ ሲነክስበት፣ ማለትም ጥይት ወይም ቀለሃ ተቀርቅሮ ሲቆምበት፣ ሞላና በፈር (ከኋላ የመዝጊያውን ምት የሚያበርድ ዕቃ) ሊገዛ ይሮጣል። ካዝናና ጥይት ሳይፈተሹ ዕቃ መቀየር ግን ገንዘብ መበተን ነው።

ከሁሉ በፊት አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንዳዞሩ ካዝናውን ያውጡ። ከዚያ መዝጊያውን ወደኋላ ስበው ያቁሙ፤ ቻምበሩን በዓይን አይተው በጣት ይዳስሱ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ አንዱን ጥይት አውጥተው ሌላ ያጎርሳሉ። ቃታ ስበው ካልጮኸ አፈሙዙን ሳያዞሩ ቢያንስ 30 ሰከንድ ይጠብቁ። ድምፁ ከወትሮው የሳሳ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጥይት አይተኩሱ፤ አረሩ በርሜሉ ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ጠመንጃውን ባዶ አድርገው በርሜሉ ክፍት መሆኑን በዘንግ ያረጋግጡ።

ካዝናዎችዎን በቀለም ቁጥር ይስጧቸው። የሚነክሰው ሁልጊዜ በ2 ቁጥር ከሆነ ጥፋቱ የጠመንጃው አይደለም። የካዝናው ከንፈር ተጣሞ ወይም ሞላው ደክሞ ጥይቱ አፍንጫውን ወደታች ደፍቶ መግቢያው ላይ ይጋጫል። 5 ጥይት ብቻ ሞልተው ይሞክሩ፤ በ5 የሚሠራና ጢም ብሎ ሲሞላ የሚነክስ ካዝና ሞላው ወይም ውስጡ መታየት አለበት። ጫፉ የተቦረቦረ አረር ከነከሰ ክብ አፍንጫ ያለውን 115 ወይም 124 ግሬን (ግሬን የአረር ክብደት መለኪያ ነው) የፋብሪካ ጥይት ያጉርሱ። እሱ ያለ ችግር ከገባ መልሱ ተገኝቷል። በቤት የተሞላ ጥይት ከሆነ ርዝመቱን ይለኩ፤ የ9 ሚሊሜትር ሉገር ጣሪያ 29.69 ሚሊሜትር ነው።

ቀለሃው መውጫው ላይ ቀጥ ብሎ ከተነከሰ፣ ወይ መዝጊያው እስከ መጨረሻው አልሄደም፣ ወይ ቀለሃውን ወደ ውጭ የሚወረውረው አስፈንጣሪ ተጣሟል ወይም ላልቷል። ደካማ ጥይት፣ የደረቀ የመዝጊያ መንሸራተቻ፣ ከልክ በላይ የከበደ በፈር መዝጊያውን መንገድ ላይ ያስቀሩታል። ዘይቱ የሚቀባው መዝጊያው በሚንሸራተትበት ቦታ ነው፤ ቻምበሩ ግን ደረቅ መሆን አለበት።

ሰው የሚሳሳትበት እዚህ ላይ ነው፦ መዝጊያው ባዶ ቻምበር ላይ ሲዘጋ። ሁለት ተቃራኒ ምክንያቶች አንድ ዓይነት ምልክት ያሳያሉ። አንደኛው መዝጊያው አጥሮ መመለሱ ነው፤ ከሚቀጥለው ጥይት ኋላ ሳይደርስ ይመለሳል። ሌላው ከመጠን በላይ መፍጠኑ ነው፤ ካዝናው ጥይቱን ወደላይ ከማንሳቱ በፊት መዝጊያው አልፎ ይሄዳል። ጠመንጃው በመጨረሻው ጥይት ክፍት ሆኖ የሚቆም ዓይነት ከሆነ ካዝናው ውስጥ አንድ ጥይት ብቻ ከተው ይተኩሱ። በተደጋጋሚ ካልቆመና ቀለሃው እግርዎ ሥር ከወደቀ ማጠሩን ይጠርጥሩ። ቀለሃው ርቆ ከተወረወረና ጠንከር ባለ ጥይት ከባሰበት ፍጥነቱ ነው፤ የደከመ ሞላ ወይም የቀለለ በፈር ይፈልጉ። በኤአር-15 ጠመንጃ ቅርጽ ለተሠሩት 156 ግራም አካባቢ የሚመዝን በፈር የተለመደ ነው፤ የጠመንጃ ጥይት የሚተኩሰው የተራው ኤአር ካርባይን 85 ግራም በፈር ብዙ ጊዜ ይቀልላቸዋል። ከ1985 እስከ 1999 የተሠራው ማርሊን ካምፕ 9 ያለው ሰው ደግሞ መጀመሪያ በፈሩን ይይ። በዕድሜ ይፈረካከሳል፤ ስብርባሪው ውስጥ ይገባል፣ መዝጊያው በባዶ ይመታል፣ የእንጨቱ ሰደፍም ይሰነጠቃል።

ቀለሃውን ከቻምበር ስቦ ስለሚያወጣው መንጠቂያ ጥፍር አንድ የሚያታልል ነገር አለ። በዚህ አሠራር ቀለሃውን ወደኋላ የሚገፋው ጋዙ ራሱ ስለሆነ፣ ጥፍሩ ተሰብሮ እንኳ ጠመንጃው ሊተኩስ ይችላል። ያልተተኮሰ ጥይት በእጅ ስቦ ማውጣት ሲያቅት ነው ስብራቱ የሚታወቀው። ይህን ሙከራ በባዶ መለማመጃ ጥይት ያድርጉት።

መምቻው ጥይቱን ጭሮ ብቻ ከተወ፣ የመምቻው መንገድ ቆሽሾ፣ የመዶሻው ሞላ ደክሞ ወይም መዝጊያው እስከ መጨረሻው ሳይዘጋ ቀርቶ ይሆናል። ያልዘጋ መዝጊያ በመዳፍ ገፍተው አይተኩሱ። ቻምበሩን በ9 ሚሊሜትር ብሩሽ ይጥረጉት፤ የባሩዱ ጥላሸት በብዛት ወደኋላ ስለሚመለስ እነዚህ ጠመንጃዎች ቶሎ ይቆሽሻሉ።

አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይቀይሩ፤ በእያንዳንዱ ለውጥ 50 ጥይት ተኩሰው ይመዝግቡ። የተተኮሰው ቀለሃ ከግርጌው አጠገብ ካበጠ ወይም ከተሰነጠቀ ግን ሙከራውን ያቁሙና ጠመንጃውን ለባለሙያ ያሳዩ።