አዲስ አበባን በሰዓቷ፤ ካፌ፣ ገበያና መጠጥ ቤት ለሚያማርጥ ሰው

ከከተማዋ ርቆ የቆየ ወዳጅ ሲመለስ አስቀድሞ የሚጠይቀኝ ያ የምናውቀው ካፌ፣ ያ ሥጋ ቤት፣ ያ ልብስ ሰፊ አሁንም እዚያው ይኖር እንደሆነ ነው። መልሴ ብዙ ጊዜ «ፈርሷል» ወይም «ተነሥቷል» የሚል ሆኗል። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ ከፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች ብዙውን አንሥቷል፤ በዓመቱ ደግሞ ተራው የካዛንቺስ ሆነ። እንዲህ ባለ ጊዜ የቤቶችን ስም ደርድሮ መመሪያ ነው ማለት አንባቢን ከፈረሰ ግንብ ፊት ማቆም ይሆናል። ቦታው ቢለዋወጥም ያልተለወጠው ሰዓቱ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ እያንዳንዱ ቤት የራሱ ሰዓት አለው፤ በሰዓቱ ያልሄደ ሰው ጥሩውን ቤት እንኳ መጥፎ ሆኖ ያገኘዋል። ስለዚህ የምመክረውን ሁሉ በቀኑ ሰዓት አስኬደዋለሁ፤ አቆጣጠሩ የሀገራችን ነው።

ቀኑ የሚጀምረው በማሽን ቡና ነው። ከማለዳው 1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል ያለው ጊዜ ሠራተኛው ቢሮ ከመግባቱ በፊት የሚጠጣበት ስለሆነ ማሽኑ ሞቋል፣ ቡናው ሳይከርም እየተፈጨ ይወጣል፣ ወተቱም የዚያው ጠዋት ነው። በዚህ ሰዓት ባዶውን የተቀመጠ ካፌ ወንበሩ ምንም ያህል ቢያምር አይግቡበት። ከመቀመጥዎ በፊት ማሽኑ አጠገብ ለአንድ ደቂቃ ቆም ብለው የልጁን እጅ ይመልከቱ፤ እንፋሎት የሚወጣባትን ቧንቧ በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ፣ ባዶዋን አንዴ አስተንፍሶ ወተቱን የሚያሞቅ ከሆነ ቤቱን ይመኑት። ከትናንሽ ትእዛዝ የተረፈውን ወተት በላዩ እየጨመረ ደጋግሞ የሚያፈላ ከሆነ ግን ማኪያቶውን ትተው ጥቁር ቡና ይዘዙ። ጥሩ ማኪያቶ በትንሿ ብርጭቆ ሲቀርብ ከታች ወተቱ፣ ከመሐል ቡናው፣ ከላይ አረፋው ተለያይተው ይታያሉ፤ የሚያዋሕዳቸው የእርስዎ ማንኪያ ነው። ገና ሲመጣ አንድ ወጥ ቡናማ ከሆነ ወይ ወተቱ ከልክ በላይ ፈልቷል፣ ወይ ልጁ ቸኩሏል። ሲያዙም «ጠቆር ያለ» ወይም «ነጣ ያለ» ብሎ መለየት ቅብጠት አይደለም፤ ቤቱ የሚጠብቀው ነው። «ስፕሪስ» የሚለውን ቃል ግን በቦታው ይጠቀሙበት፤ ካፌ ውስጥ ግማሽ ሻይ ግማሽ ቡና ሲሆን፣ ጭማቂ ቤት ውስጥ ደግሞ አቮካዶና ማንጎ የተደራረበበት ብርጭቆ ነው።

ቶሞካ በጎርጎርዮሳዊው 1953 የተመሠረተ ሲሆን ዛሬ ብዙ ቅርንጫፎች አሉት፤ እኔ ግን አሁንም የምመርጠው ፒያሳ ያለውን ነባሩን ቤት ነው። ከፍ ባለው ጠረጴዛ ዙሪያ ቆሞ መጠጣት ወሬን ያሳጥራል፣ ቡናውም ሳይቀዘቅዝ ያልቃል። ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ሄዶ ተጨናነቀብኝ የሚል ሰው ግን ጥፋቱ የቤቱ አይደለም።

የጀበና ቡና ሌላ ሰዓት አለው። በ4 ሰዓት ገደማና ከሰዓት በኋላ በ10 ሰዓት፣ ሠራተኛው ለአፍታ ወጣ በሚልበት ጊዜ፣ ከሕንፃው ሥር ረከቦት ዘርግታ የተቀመጠችው ሴት ከማንኛውም ካፌ የተሻለ ቡና ልታቀርብልዎት ትችላለች። እዚህ የሚታየው አቀዳዷ ነው። ጀበናውን ከከሰሉ አንሥታ ማቶቱ ላይ ጋደል አድርጋ እስኪሰክን ታግሣ የምትቀዳ ከሆነ አተላ የሌለው ስኒ ይደርስዎታል፤ ወረፋው በዝቶባት ከእሳቱ ላይ ቀጥታ የምታንቆረቁር ከሆነ ግን የመጀመሪያውን ስኒ ለሌላ ሰው ይልቀቁ። ዘግይተው ከደረሱ «እትዬ፣ አዲስ ልታፈዪ ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ቤት ውስጥ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ በየተራው ይጠጣል፤ መንገድ ላይ ግን ለአንዱ አቦል ለሌላው ቶና ማዳረስ ግድ ስለሆነ፣ አቦል የሚፈልግ ሰው እስኪፈላለት መቀመጥ አለበት። እኔ ሁልጊዜ እቀመጣለሁ፤ የሰፈሩ ወሬ የሚገኘው በዚያች ሩብ ሰዓት ውስጥ ነው።

መርካቶ ከ3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት፣ ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ባለው ቀን ይሂዱ። ቅዳሜ ሰው ለሰው ይጋፋል፤ እሑድ አብዛኛው ሱቅ ዝግ ነው። ገበያው ወደዚህ ቦታ የመጣው በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ከነበረው ከአራዳው ገበያ ተነሥቶ ነው፤ ስሙም የመጣው ከዚያው ዘመን ነው። የሚሠራው በተራ ነው፦ ቆርቆሮ ተራ፣ በርበሬ ተራ፣ ምናለሽ ተራ፣ ሌላውም በየስሙ። ስለዚህ የሱቅ ስም ይዞ መሄድ አይጠቅምም፤ የሚጠቅመው ተራውን ማወቅና አንዋር መስጊድን ወይም ራጉኤልን ምልክት አድርጎ መግባት ነው። መንገድ የሚጠይቁት ተቀምጦ የሚሠራን ሰው ይሁን፤ ሊስትሮ ወይም ሚዛን ጠባቂ ከቦታው ስለማይነሣ በእጁ ጠቁሞ ይሰድዎታል። ቆሞ የሚዞረው ግን «ላሳይዎት» ብሎ አብሮ ይሄዳል፤ የድለላው ዋጋም ከሚገዙት ዕቃ ላይ ይጨመራል። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ሸማ ተራ አካባቢ ከተነሣው ቃጠሎ በኋላ ቦታ የለወጡ ነጋዴዎች ስላሉ፣ ደንበኛ የነበራችሁ ሰዎች ከመሄዳችሁ በፊት ደውሉ።

በመርካቶ ጥንቃቄ የሚጠይቀው ከሁሉ ይልቅ ቅቤ ነው። ነጋዴው ለጋ፣ መካከለኛና በሳል ብሎ ይለየዋል፤ ለጋው ለምግብም ለፀጉርም የሚወደድ ሲሆን፣ በሳሉ ጠረኑ ጠንካራ ስለሆነ ለወጥ ይፈለጋል። በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ የመጣው ሁሉ ከገጠር የመጣ ነው ብለው አይደምድሙ፤ ቅጠልም ይሸጣል። እኔ አንድ ጊዜ የፋሲካ ዋዜማ ላይ ቸኩዬ፣ ከማላውቀው ሱቅ ሁለት ኪሎ ወሰድኩ። ቀምሼው ጥሩ ነበር፤ ሽታውም አልከፋኝም። ማታ ኮረሪማና ኮሰረት ጨምረን ስናነጥረው ግን እያረፋ አልጠራ አለ፤ ድስቱ ሥር የቀረው ወፍራም ነጭ ዝቃጭ የግዢዬን ሲሶ ያህል ነበር። እናቴ ማንኪያውን ወደ ላይ አንሥታ አየችውና ምንም ሳትናገር ክዳኑን መለሰች። ከዚያ ወዲህ የማደርገው ቀላል ነው። በዓሉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ከሁለት ሱቅ ሩብ ሩብ ኪሎ ገዝቼ አነጥራለሁ፤ ንጹሕ ሆኖ ወደ ጠራው ሱቅ ተመልሼ የበዓሉን እገዛለሁ። ለበርበሬም እንዲሁ ነው፤ የተፈጨውን ከመግዛት ዛላውን መርጦ፣ አስቀንጥሶ ወፍጮ ቤት ቆሞ ማስፈጨት ድካም ቢሆንም ከጥርጣሬ ያወጣል።

ዋጋ ሲጠይቁ «ስንት ነው?» ብለው ዝም አይበሉ፤ «የመጨረሻው ስንት ነው?» ይበሉ። ነጋዴው «አያዋጣኝም» ካለ በኋላ ሁለት እርምጃ ሄደው ካልጠራዎት እውነቱን ነው፤ ሳያፍሩ ይመለሱ። የሚመለስን ሰው መርካቶ አይንቅም።

ለሀበሻ ልብስ ከ6 ኪሎ ወደ እንጦጦ በሚወስደው መንገድ፣ ከአሜሪካ ኤምባሲ አለፍ ብሎ ያለው ሽሮ ሜዳ ይሻላል። አካባቢው ከጋሞ የመጡ ሸማኔዎች መኖሪያና መሥሪያ ስለሆነ ሱቁና መወርወሪያው ብዙም አይራራቁም። ሰዓቱ የሥራ ቀን ጠዋት ነው፤ የፀሐይ ብርሃን ያስፈልግዎታልና። ልብሱን ከሱቁ አምፑል ሥር አውጥተው ደጃፍ ላይ ይዘርጉት። በመጀመሪያ ጥለትና ጥልፍን ይለዩ፤ ጥለት ከሸማው ጋር አብሮ የተሸመነ ስለሆነ ጣትዎን ሲያሳልፉበት ከጨርቁ አይለይም፣ ጥልፍ ግን ካለቀ ጨርቅ ላይ በእጅ ወይም በመኪና የተሠራ ስለሆነ ከጀርባው የክሩ ቋጠሮና ዝላይ ይታያል። ሁለቱም ያምራሉ፤ ዋጋቸው ግን አንድ ሊሆን አይገባም። ቀጥሎ ክሩን ይመልከቱ። በእጅ የተፈተለ ፈትል ወደ ብርሃን ሲያነሡት አንዱ ክር ወፈር፣ አንዱ ቀጠን ብሎ ይታያል፤ የፋብሪካ ክር ግን ከዳር እስከ ዳር እኩል ነው። «ሙሉ በሙሉ የእጅ ነው» የሚልዎት ሻጭ ይህን ሲያደርጉ ካየ አነጋገሩን ያስተካክላል። የጥምቀትና የፋሲካ ሰሞን ዋጋው ስለሚወጣ፣ ለሰርግ የሚያሠፉ ከሆነም ሸማኔው ጊዜ ስለሚፈልግ፣ ከሁለት ወር በፊት ማዘዝ ይገባል። ስለ ቦሌ የገበያ ሕንፃዎች የምለው አጭር ነው፤ ጫማና ስልክ ለመግዛት ይመቻሉ፣ የሀበሻ ልብስ ግን እዚያው ከሽሮ ሜዳ የወጣው ዋጋ ጨምሮ ይጠብቅዎታል።

ሥጋ የምሳ ሰዓት ነገር ነው፤ ከ6 ሰዓት እስከ 7 ሰዓት ተኩል። ረቡዕና ዓርብ፣ እንዲሁም በዐቢይ ጾም ወራት የክርስቲያን ሥጋ ቤቶች ብዙዎቹ ስለሚዘጉ ያን ጊዜ በያይነቱ የሚበላበትን ቤት ይፈልጉ፤ የጾም ምግብ ጎበዝ የሆነ ቤት የሚታወቀውም በዚያው ሰሞን ነው። ደጃፉ ላይ መስቀል ወይም ጨረቃ የተሳለው እንግዳን ለማሳወቅ ስለሆነ አይቶ መግባት የጨዋ ወግ ነው። ቁርጥ የሚወዱ ከሆነ አስተናጋጁን አይላኩ፤ ራስዎ ተነሥተው ከተሰቀለው ሥጋ ፊት ይቁሙና ሻኛ ወይም ታናሽ ብለው በስሙ ይጠይቁ። ቆራጩ ስሙን የሚያውቅን ደንበኛ በሌላ ዓይን ያያል።

ጠጅ ቤት ከ9 ሰዓት በኋላ ይሞቃል፣ ከጨለመ በኋላ ግን እየቀዘቀዘ ይሄዳል። ቦታ መምረጥ የለም፤ አግዳሚው ላይ ጠጋ ጠጋ ይባላል፣ አጠገብዎ ያለውንም ሰላም ማለት ይገባል። አስቀድመው ደረቅና ለስላሳ እንዳለ ጠይቀው በአንድ ብርሌ ይጀምሩ። ጌሾው ምላስ ላይ ጭራሽ ካልተሰማ፣ ጣፋጭነቱም ከንፈር ላይ የሚጣበቅ ከሆነ፣ ከማር ይልቅ ስኳር የበዛበት ነው ብዬ እጠረጥራለሁና ሁለተኛ አላዝም።

ከ12 ሰዓት በኋላ ያለው የቢራ ነው። እንግዳ ሰው ማወቅ ያለበት አንድ ነገር፣ በዚህች ከተማ «ቡና ቤት» የሚል ጽሑፍ ያለበት ቤት በአብዛኛው ቢራ የሚሸጥበት መሆኑን ነው፤ ቡና ፈልጎ የገባ ሰው ይሳቅበታል። ድራፍት የሚጠጣው ብዙ ሰው በሚጠጣበት ቤት ብቻ ነው፤ በርሜሉ ቶሎ ቶሎ ካልተለወጠ ጣዕሙ ይሞታል። ጠርሙስ ካዘዙ ደግሞ ባዶውን አያስነሡ። «እህቴ፣ እዚሁ ይቆይ» ማለት ሂሳብ ሲመጣ ከክርክር ያድናል፤ ስድስት ጠርሙስ ጠጥተን ዘጠኝ የከፈልንበት ማታ ጠረጴዛችን ንጹሕ ሆኖ ነበር። የዋጋ ዝርዝሩ ግርጌ ላይ ቫት አልተጨመረም ከተባለ 15 በመቶ ደምረው ያስቡ። በቴሌብር መክፈል የተለመደ ሆኗል፤ ይሁንና ኔትወርኩ እምቢ የሚለው ሁልጊዜ ለመውጣት ሲነሡ ነውና ትንሽ ጥሬ ብር ኪስዎ ውስጥ ይኑር።

አዝማሪ ቤት ከምሽቱ 4 ሰዓት በፊት አይሂዱ፤ ባዶ ቤት ውስጥ ማሲንቆ ያሳዝናል። ከፊት ለፊት የተቀመጠ ሰው ይሞገሳልም፣ ይነካካልም፤ ይህን ካልፈለጉ ከጥግ ይያዙ። አብሮዎት ስለመጣው ሰው አንድ ሁለት ነገር ለአዝማሪው በጆሮው ሹክ ቢሉት ግጥሙ ወዲያው ይመጣል። ራስዎ ስንኝ ካለዎት «ተቀበል!» ብለው ይስጡት፤ አጠር ያለና ቤት የሚመታ ይሁን፣ ሰምና ወርቁን እሱ ራሱ ይጨምርበታል። ሲሞገሱ ብሩን ግንባሩ ላይ መለጠፍም ሆነ በእጁ መስጠት ይቻላል፤ የሚያስነውረው ተወድሶ ዝም ማለት ነው። ለመመለሻ ራይድ ከውስጥ ሆነው ይጥሩ፤ ላዳ ከሆነ ደግሞ በሩን ሳይከፍቱ ዋጋውን ይጨርሱ።