የቆየ የኮምፒውተር ኪቦርድ ሲበላሽ ጉድለቱን ለይቶ እንዴት መጠገን ይቻላል

ከዓመታት በፊት እጄ የገባ አንድ አሮጌ ኪቦርድ እየጻፍኩበት ሳለ ድንገት ፊደል መዝለል ይጀምር ነበር። ችግሩ ከስዊቾቹ፣ ማለትም በየቁልፉ ሥር ካሉት ትናንሽ ማገናኛዎች፣ ነው ብዬ ስለደመደምኩ አሥራ ሁለቱን ከቦርዱ ነቅዬ፣ አጽድቼ፣ መልሼ በየድኳቸው፤ ፊደል መዝለሉ ግን አልቀረም። በመጨረሻ የተገኘው ጥፋት ገመዱ ከኪቦርዱ ሳጥን በሚወጣበት ጠርዝ ላይ፣ ከሽፋኑ ሥር የተበጠሰች አንዲት ቀጭን ሽቦ ነበረች፤ ገመዱ ሲጣመም ትለያያለች፣ ሲቃና ትገናኛለች። ከዚያ ወዲህ ካቻቢቴ ከማንሳቴ በፊት የጉድለቱን ቦታ በምልክቱ መለየትን ልማድ አድርጌአለሁ። ከዚህ በታች የቀረበው አካሄድም ይህንኑ ቅደም ተከተል የሚከተል ነው።

ኪቦርዱና ኮምፒውተሩ መግባባታቸውን ማረጋገጥ

«ሞቷል» ከሚባሉት አሮጌ ኪቦርዶች መካከል ጤነኛ ሆነው ሳለ ከማይስማማቸው ኮምፒውተር ጋር የተሰኩ አሉ። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የመጀመሪያው አይቢኤም ፒሲ ኪቦርድ የሚጠቀምበት የመልእክት አሠራር በተለምዶ ኤክስቲ ይባላል፤ በዚህ አሠራር መልእክት የሚሄደው ከኪቦርዱ ወደ ኮምፒውተሩ ብቻ ነው። በ1984 የወጣው ፒሲ ኤቲ ግን በሁለቱም አቅጣጫ መነጋገርን አመጣ። ሁለቱም አምስት እግር ያለውን ትልቁን ክብ መሰኪያ ስለሚጠቀሙ በዓይን አይለዩም፤ አንዱ በሌላው ቦታ ሲሰካ ግን አይሠራም። አንዳንድ ኪቦርዶች ከታች፣ ሆዳቸው ላይ፣ አሠራሩን ከኤክስቲ ወደ ኤቲ የምታዞር ትንሽ ማብሪያ አለቻቸው፤ ስለዚህ ከሁሉ አስቀድመው ኪቦርዱን ገልብጠው ይዩት።

በ1987 የመጣው ባለ ስድስት እግር ትንሽ ክብ መሰኪያ፣ ማለትም ፒኤስ ቱ፣ ከኤቲ የሚለየው በመሰኪያው ቅርጽ ብቻ ስለሆነ ሽቦ ከሽቦ የሚያገናኝ ቀላል መቀየሪያ ይበቃዋል። ከዩኤስቢ ጋር ለማገናኘት ግን ብዙዎቹ አሮጌ ኪቦርዶች የራሱ ቺፕ ያለው መለወጫ ይፈልጋሉ። ርካሽ ባዶ መቀየሪያ ሰክቶ «አልሠራም» ማለት በኪቦርዱ ላይ ያለአግባብ መፍረድ ነው። እነዚህ ክብ መሰኪያዎች ኮምፒውተሩ በርቶ ሳለ እንዲሰኩና እንዲነቀሉ የተሠሩ ባለመሆናቸው፣ በማዘርቦርዱ (በኮምፒውተሩ ዋና ቦርድ) ላይ ያለውን ትንሽ ፊውዝ ላለማቃጠል ምንጊዜም ኮምፒውተሩን አጥፍተው ይሰኩ።

ምልክቱን ማንበብ

በኪቦርድ ውስጥ እያንዳንዱ ቁልፍ ወደ መቆጣጠሪያው ቺፕ የሚደርስ የራሱ ሽቦ የለውም። ቁልፎቹ እንደ ሰንጠረዥ በረድፍና በዓምድ መስመሮች መገናኛ ላይ ተቀምጠዋል፤ ቺፑም መስመሮቹን ተራ በተራ በፍጥነት እየፈተሸ የትኛው ረድፍ ከየትኛው ዓምድ ጋር እንደተገናኘ ያነባል። ይህንን ያወቀ ሰው ግማሹን ምርመራ ኪቦርዱን ሳይከፍት ይጨርሳል። ያልሠራው አንድ ቁልፍ ብቻ ከሆነ ጉድለቱ ከቁልፉ ስዊች ወይም ከሥሩ ካለው ብየዳ አይርቅም። አምስት ስድስት ቁልፎች በአንድ ላይ ከሞቱ፣ በተለይም በቦታ ተበታትነው ሳለ አብረው ከሞቱ፣ የተቋረጠው የጋራ መስመራቸው ነው፤ የሰንጠረዡ ረድፎች በዓይን ከምናያቸው የፊደል ረድፎች ጋር አንድ ላይሆኑ ስለሚችሉ መበታተናቸው አያሳስትዎ። ሁሉም ከሞተ ደግሞ ጥያቄው የገመድ፣ የኃይል ወይም የቺፑ ነው። ኮምፒውተሩ ሲነሣ የመብራቶቹ ብልጭ ማለት ቢያንስ ኃይል እንደደረሰ ይነግራል፤ መብራት የሌለው ኪቦርድ ከሆነ ግን ይህ ምልክት አይጠበቅበትም።

ያልተነካ ቁልፍ ራሱን እየደጋገመ ከጻፈ ተጣብቋል ወይም ሁለት መስመሮች ያለቦታቸው ተገናኝተዋል ማለት ነው። የቆዩት የአይቢኤም ኮምፒውተሮች ይህን ሲነሡ ይናገራሉ፤ በስክሪኑ ላይ 301 የሚለው ቁጥር የኪቦርድ ችግርን ያመለክታል፣ ከእርሱ በፊት ሁለት አኃዝ ያለው ምልክት ከታየም የተጣበቀውን ቁልፍ መለያ የሚገልጽ ነው።

በዚህ ደረጃ ላይ አንድ ወረቀት ይውሰዱና እያንዳንዱን ቁልፍ ተጭነው የሠራውንና ያልሠራውን ይመዝግቡ። አሰልቺ ይመስላል፤ ነገር ግን ከተከፈተ በኋላ የሚተማመኑበት ይህ ወረቀት ነው።

ገመዱን መለካት

መልቲሜትሩን (የኤሌክትሪክ መለኪያውን) ድምፅ በሚሰጥበት የመስመር መፈተሻ ላይ ያድርጉና ከመሰኪያው እያንዳንዱ እግር ጀምረው በኪቦርዱ ውስጥ እስካለው የገመዱ ጫፍ ድረስ ይፈትሹ፤ የሳጥኑ አከፋፈት በሚቀጥለው ክፍል ተገልጿል። በባለ አምስት እግሩ የኤቲ መሰኪያ 1 ቁጥር የሰዓት ምልክት (የመረጃውን ፍሰት ጊዜ የሚመታው)፣ 2 ቁጥር መረጃ፣ 4 ቁጥር መሬት፣ 5 ቁጥር የ5 ቮልት ኃይል ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ቁጥሮቹ በግማሽ ክቡ ላይ በተራ የተደረደሩ ሳይሆኑ 1፣ 4፣ 2፣ 5፣ 3 እየተባለ የሚቆጠሩ ናቸው። መልቲሜትሩ እየጮኸ ሳለ ገመዱን ከሁለቱም ጫፎች አጠገብ ቀስ ብለው ያጣምሙት፤ ድምፁ ከተቆራረጠ በሽተኛውን አግኝተዋል። በዚህ ጊዜ የተጎዳውን ክፍል ቆርጦ መጣልና ጤነኛውን ሽቦ መልሶ ማያያዝ ይበቃል፤ ከመቁረጥዎ በፊት ግን የሽቦዎቹን ቀለም ከእግር ቁጥራቸው ጋር ይጻፉ፣ ምክንያቱም የቀለም አመዳደቡ ከአምራች አምራች ይለያያል። ገመዱ ጤነኛ ከሆነ ኪቦርዱን ሰክተው በቦርዱ ላይ በመሬትና በኃይል መስመሩ መካከል ይለኩ፤ ወደ 5 ቮልት የተጠጋ ንባብ ከሌለ ፊቱን ወደ ኮምፒውተሩ ያዙሩ።

መክፈትና የቁልፉን ዓይነት ማወቅ

ሳጥኑን ሲከፍቱ ብሎኖቹን በመጡበት ቅደም ተከተል ወረቀት ላይ ያስቀምጡ፤ በየደረጃውም ፎቶ ያንሡ። እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ የተሠራው የአይቢኤም ሞዴል ኤም በአራት ብሎኖች የታሰረ ሲሆን፣ ብሎኖቹ ጠባብና ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ስላሉ ቀጭን ግድግዳ ያለው የ5.5 ሚሊሜትር መፍቻ ያስፈልጋል። የቁልፎቹን ክዳን በካቻቢቴ ጠርዝ ከመፈንቀል ይልቅ በሁለት ጎን በሚይዝ ከሽቦ የተሠራ መንቀያ ቀጥ አድርገው ወደ ላይ ይሳቡ። ስፔስ ባርን የመሰሉ ረጃጅም ቁልፎች ከሥራቸው የታጠፈ ሽቦ ስላላቸው በኃይል ከተነቀሉ መያዣቸው ይሰበራል።

ከክዳኑ ሥር ለየብቻ የተበየዱ ስዊቾች ካገኙ ዕድለኛ ነዎት፤ እያንዳንዱ ለብቻው ይፈተሻልና። ኪቦርዱ እንደተሰካ የቦርዱን ጀርባ ይግለጡና የማይሠራውን ቁልፍ ሁለት የብየዳ ነጥቦች በወረንጦ ጫፍ ለቅጽበት ያገናኙ። እዚህ ያለው ኃይል 5 ቮልት ብቻ ስለሆነ ሰውን አይጎዳም፤ ይሁን እንጂ ጫፉ ከሁለቱ ነጥቦች ውጭ ሌላ ነገር እንዳይነካ እጅዎን ያረጋጉ። ፊደሉ ስክሪኑ ላይ ከወጣ ከቦርዱ እስከ ቺፑ ያለው መንገድ ጤነኛ ነው፣ ጥፋቱም የስዊቹ ነው። ካልወጣ መስመሩን በማጉያ መነጽር ይከተሉ፤ ጣፋጭ መጠጥ ፈስሶበት በነበረ ቦርድ ላይ የመዳቡ መስመር አረንጓዴ ዝገት ይዞ እንደ ክር ሲሳሳ፣ አንዳንዴም ከፀጉር በማይሰፋ ክፍተት ተበጥሶ ይታያል። እንዲህ ያለውን ዝገቱን ፍቆ በቀጭን ሽቦ ድልድይ መበየድ ነው።

ለስዊቹ የመጀመሪያው መድኃኒት የኮንታክት ማጽጃ፣ ማለትም የኤሌክትሪክ መነካኪያዎችን የሚያጸዳ ፈሳሽ፣ ነው፤ አንድ ሁለት ጠብታ አስገብተው ቁልፉን ሃምሳ ጊዜ ያህል ይጫኑት። ካልዳነ ስዊቹን ነቅሎ ብዙም ከማይነካ ቁልፍ፣ ለምሳሌ ከስክሮል ሎክ፣ ጋር ማቀያየር የቆየ ዘዴ ነው፤ ለዘመናት ያልተነካ ጤነኛ ስዊች እዚያው ኪቦርድ ላይ ተቀምጧልና። ሲነቅሉ የቆየውን የብየዳ እርሳስ ጥቂት አዲስ እርሳስ ጨምረው ካቀለጡት በኋላ በመምጠጫ ይሳቡት። ስዊቹ አሁንም ከያዘ አይጎትቱት፤ የመዳቡ ቀለበት ከቦርዱ ተላቆ ይመጣል።

ሁለተኛው ዓይነት ስፖንጅና ፎይል ያለው ነው። በእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር በትንሽ ስፖንጅ ላይ የተለጠፈች የሚያብረቀርቅ ክብ ፕላስቲክ አለች፤ ቁልፉ ሲጫን ወደ ቦርዱ ቀርባ የኤሌክትሪክ መያዝ አቅምን ትለውጣለች፣ ቺፑም ያንን ለውጥ ያነባል። ቀጥተኛ መነካካት ስለሌለ የወረንጦውም ሆነ የመስመር መፈተሻው ብልሃት እዚህ አይሠራም። ስፖንጁ በዕድሜ ብዛት ዱቄት ወይም ሙጫ ይሆናል፤ በዚህ ኪቦርድ ላይ አንድ ቁልፍ ከሞተ የቀሩትም ተራቸውን እየጠበቁ ስለሆነ ሁሉንም በአንድ ጊዜ መቀየር ይሻላል። ከሁሉ ያልተጨፈለቀውን ስፖንጅ ውፍረት ለክተው በዚያው ልክ አዲስ ይቁረጡ፤ የብረት ቅብ ያለውን ቀጭን ፕላስቲክ ሲለጥፉም የፕላስቲኩ ጎን ወደ ቦርዱ እንዲዞር ያድርጉ። ሥራው ሰዓታት ይወስዳል፣ እጅንም ያሰለቻል፤ ሆኖም ከሁሉም ጥገና ውጤቱ አስተማማኝ የሆነው ይህ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ሦስተኛው ዓይነት መስመሮቹ በቀጭን ፕላስቲክ ላይ በቀለም የታተሙበት ነው። የተበጠሰውን መስመር ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፍ የብር ቀለም ይቀጥሉ፤ ለመበየድ ከሞከሩ ፕላስቲኩ ይቀልጣል። የዚህ ቀጭን ፕላስቲክ ጫፍ ወደ ቦርዱ ከሚገባበት መሰኪያ ሲያወጡትም ሲመልሱትም ሳያጥፉ ቀጥ አድርገው ይያዙት። ሞዴል ኤም ከዚህ ወገን ሲሆን የራሱ ሕመም አለው፤ የብረት ጀርባውን ከፕላስቲኩ ጋር የሚይዙት ትናንሽ የፕላስቲክ ምስማሮች በጊዜ ብዛት ይሰበራሉ። ሲያነሡት ከውስጡ ኮሽታ ከተሰማና ቁልፎቹ ልስልስ ካሉ ይህ ደርሶበታል። የቀሩትን ምስማሮች ቆርጦ፣ በየቦታቸው በትራፓኖ ቀዳዳ አበጅቶ በ2 ሚሊሜትር ብሎንና ዳዶ ማሰር የተለመደው ጥገና ነው።

ማጽዳትና መግጠም

ክዳኖቹን ለብ ባለ ውኃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ማጠብ ይበቃል፤ ሙሉ ቀን ሳይደርቁ አይመልሷቸው። ለቦርዱ ከ90 በመቶ በላይ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል በጥጥ ይጠቀሙ። አሴቶን ግን ከአጠገቡ አይድረስ፤ የብዙዎቹን ኪቦርዶች ፕላስቲክ ያሟሟል። ከጎማ የተሠሩ የካርቦን ነጥቦች ያሉት ኪቦርድ ከሆነ ነጥቦቹን በኃይል አይፈትጉ፣ የሚያስተላልፈው ጥቁር ሽፋን ራሱ ይላጣል።

ሳጥኑን ከመዝጋትዎ በፊት ኪቦርዱን ሰክተው ቀድሞ በጻፉት ወረቀት መሠረት ቁልፎቹን አንድ በአንድ ይሞክሩ፤ ከዘጉ በኋላም ይድገሙት። ክፍቱን ሠርቶ ሲዘጋ የሚይዝ ቁልፍ ካለ ብሎኖቹ ከልክ በላይ ጠብቀው ሳጥኑን አጣመውታል፣ ወይም የስፔስ ባሩ ሽቦ ከመንጠቆው ወጥቷል፤ ብሎኖቹን ሩብ ዙር ላላ አድርገው እንደገና ይጫኑት።