ድሬ ላይ የመጀመሪያውን የበጎ አድራጎት ሩጫ እንዴት እናዘጋጅ?

ድሬዳዋ ላይ ሩጫ ስታዘጋጁ ከሁሉ በፊት የምታስቡት ፀሐይዋን ነው። ቀኑንም፣ ሰዓቱንም፣ መንገዱንም የምትወስነው እሷ ናት።

መጀመሪያ ግን ዓላማውን አጥብቡት። «ለችግረኞች» ከምትሉ «ለሰፈራችን ትምህርት ቤት 40 ዴስክ» በሉ። ሰው የሚቆጠር ነገር ሲያይ እጁ ይፈታል። ከዚያ አምስት ስድስት ሰው ሰብስቡ። የዕድር ገንዘብ ያዥ ካገኛችሁ አትልቀቁ፤ የሰው ብር መያዝ የሚያውቅ ነው። የባንክ ሂሳቡ በጥምር ፊርማ ይከፈት።

ቀኑ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ቢሆን ይመረጣል፤ አየሩ ቀለል ይላል። እሁድ ጠዋት ጥሩ ነው። የጥምቀትን ሰሞን ዝለሉ። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀደም ስለሚል እሱንም ቀድማችሁ እዩ። ግማሹ ጎረቤት የማይመጣበት ሩጫ የድሬ ሩጫ አይባልም።

መነሻውን ከዚራ ሰፈር፣ የድሮው ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት አድርጉት። የከዚራ መንገድ ሜዳ ነው፣ የዛፍ ጥላም አለው። 5 ኪሎ ሜትር ይበቃል። እኔ የምመክረው 2.5 ኪሎ ሜትር ሁለት ዙር ነው። አስተናባሪው በግማሽ ይቀንሳል፣ ልጆችና አዛውንቶችም አንድ ዙር ጨርሰው ማረፍ ይችላሉ። ርቀቱን በሳይክልና በስልክ ደጋግማችሁ ለኩ።

የፈቃድ ደብዳቤውን ከሁለት ወር በፊት ለከተማ አስተዳደሩና ለፖሊስ አስገቡ። ባጃጅ ነጂዎችንም አትርሱ። መንገዱ የሚዘጋበትን ሰዓት ቀድመው ከሰሙ ራሳቸው ያግዛሉ።

ቲሸርት ላይ ብዙ ብር ይቀልጣል። ስለዚህ ሳትሸጡ አታሳትሙ። አንዱ 250 ብር ቢያስወጣና በ400 ብር ብትሸጡት፣ 300 ሰው ሲገዛ 45,000 ብር ይተርፋል። 100 ቲሸርት ሳይሸጥ ከቀረ ግን 25,000 ብር ከዴስኩ ላይ ተቀነሰ ማለት ነው። የውሃውንና የድምፅ ማጉያውን ወጪ ስፖንሰር ይሸፍነው።

ከንጋቱ 12፡30 አስጀምሩ፤ ከዚያ አታሳልፉ። ለሰው 1 ሊትር ውሃ ያዙ። ለ300 ሰው ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 15 ይሆናል። ግማሹን መንገዱ መሃል፣ ግማሹን መድረሻው ላይ አስቀምጡ። ቀይ መስቀልን አምቡላንስና የመጀመሪያ እርዳታ ሰጪ ጠይቁ። የሚንገዳገድ ወይም ንግግሩ የተምታታበት ሯጭ ካያችሁ «አይዞህ፣ ቀጥል!» አትበሉት። ጥላ ውስጥ አስገቡት፣ ልብሱን አላሉት፣ ውሃ እያፈሰሳችሁ አራግቡለት፣ ቶሎም ወደ ሐኪም አድርሱት።

ሩጫው እንዳለቀ የተሰበሰበውን ብር እዚያው ሰው ፊት ቁጠሩ፣ ድምሩንም በማይክ ተናገሩ። ዴስኮቹ ሲገቡ ደረሰኙን ትምህርት ቤቱ በር ላይ ለጥፉ።

አንድ ነገር አደራ። ፈጣኖቹ ገብተው ጭፈራው ሲደምቅ ሰው ዕቃ ማንሳት ይጀምራል። በእግራቸው የሚመጡት እናቶች ግን ገና መንገድ ላይ ናቸው። የመጨረሻዋ ሳትገባ ጀሪካኑን እንዳታነሱ።