ሰሃን ማጠብና ሞትን ማሰብ፦ በቡድሃ የማስተዋል ልምምድ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቡድሃ 80 ዓመት ሆኖት በኩሲናራ፣ በሁለት የሳል ዛፎች መካከል ጎኑን አሳርፎ ሲሞት ለተከታዮቹ የተወው የመጨረሻ ቃል አጭር ነው። የተሠራ ነገር ሁሉ ያልፋል፤ ሳትዘናጉ ሥራችሁን ፈጽሙ። የማስተዋል ልምምድ (ፈረንጆቹ «ማይንድፉልነስ» የሚሉት) የሚባለው ሁሉ የዚያች «ሳትዘናጉ» የምትል ቃል ማብራሪያ ነው ብል ብዙ አልሳሳትም።

ልምምዱ ወደ እኛ የደረሰው ግን በሌላ መንገድ ነው። በ1979 ጆን ካባት ዚን የተባለ ሰው በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ጭንቀትን ለመቀነስ የሚረዳ ሥልጠና ጀመረ፤ ስምንት ሳምንት የሚወስድ ነው። ከዚያ ወዲህ ማስተዋል ከገዳም ወጥቶ ሆስፒታልና መሥሪያ ቤት ገባ፤ ዛሬ ስልክ ላይ የሚጫን መተግበሪያም ሆኗል። ጥቅሙን አልክድም። ነገር ግን ብዙ ጊዜ ሞትን ማሰብ የሚባለው የልምምዱ ክፍል መንገድ ላይ ተንጠባጥቦ ይቀራል፤ ቀጥሎ የምዘረዝራቸው ስህተቶችም አብዛኞቹ ከዚያ የመጡ ይመስለኛል።

አእምሮን ባዶ ለማድረግ መታገል

ጀማሪን ሁሉ የሚያደክመው ይህ ነው። ዓይኑን ጨፍኖ ይቀመጣል፣ ሐሳብ ይመጣል፣ «አልተሳካልኝም» ብሎ ይነሣል። የቡድሃ ጥንታዊ ስብከቶች በተጻፉበት በፓሊ ቋንቋ የልምምዱ ስም «ሳቲ» ነው፤ የቃሉ ሥር ደግሞ ማስታወስ ማለት ነው። በግዕዝ ካሰብነው «ዝክር» ይቀርበዋል፤ ተዝካር የምንለው ቃል የወጣበት ዘከረ። ስለዚህ ሥራው ሐሳብን ማባረር አይደለም። አሁን ምን እያደረግሁ ነው የሚለውን በረሱት ቁጥር መልሶ ማስታወስ ነው። በበርማ የመነኩሴው መምህር የማሃሲ ሳያዶ ተማሪዎች ሆዳቸው በእስትንፋስ ሲነሣ «ይነሣል»፣ ሲወርድ «ይወርዳል» እያሉ በልባቸው ይከተላሉ፤ ሐሳብ ሲመጣም «ማሰብ» ብለው ስሙን ጠርተው ወደ ሆዳቸው ይመለሳሉ። መቶ ጊዜ የጠፋ ሰው መቶ ጊዜ ከተመለሰ መቶ ጊዜ ሠርቷል።

ልምምዱን ለተቀመጡበት ሰዓት ብቻ መተው

ስለ ማስተዋል መሠረቶች የሚናገረው ጥንታዊ ስብከት፣ ሳቲፓታና፣ ዝርዝሩ ያስገርማል። መራመድና መመለስ፣ እጅን ማጠፍና መዘርጋት፣ መብላት፣ መጠጣት፣ ማላመጥ፣ እንዲያውም ሽንት ቤት መሄድ ሳይቀር ተጠቅሷል። ንጹሕ ምንጣፍና የሻማ ብርሃን አልተጠየቀም።

ቬትናማዊው መነኩሴ ቲች ናት ሃን ይህን በሰሃን ማጠብ ነበር የሚያስተምሩት። ሰሃኑን የምናጥበው ሰሃኑን ለማጠብ ይሁን ይሉ ነበር፤ ቶሎ ጨርሰን ሻይ ለመጠጣት ከሆነ፣ ሻዩንም ስንጠጣ ልባችን ሌላ ቦታ ነው። እኔ ሞክሬዋለሁ። ሦስተኛው ብርጭቆ ላይ ስደርስ ዓምና የተጣላሁትን ሰው መልሼ እየተጣላሁት ነው፤ ያውም በዚህኛው ዙር ሁልጊዜ አሸናፊው እኔ ነኝ። የውኃውን ሙቀት የማስታውሰው የመጨረሻውን ሰሃን ሳስቀምጥ ነው። በ1982 በደቡብ ፈረንሳይ በመሠረቱት ፕለም ቪሌጅ በተባለው ገዳም ለዚህ መፍትሔ አላቸው፤ በየጊዜው ደወል ይመታል፣ ሁሉም ያለበት ቆሞ ሦስት ጊዜ ይተነፍሳል። ደወል የሌለው ሰው የስልኩን ጥሪ እንደ ደወል ሊቆጥር ይችላል። ከማንሣት በፊት አንድ እስትንፋስ።

ሞትን «አንድ ቀን» ብሎ ማሰብ

በልምምዱ ትልቁ ስህተት ለእኔ ይህ ነው። «ሁላችንም ሟች ነን» የማይል ሰው የለም። ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ሁላችንም እንለዋለን፤ ድንኳኑ ሳይነቀል ደግሞ ረስተነዋል።

ቡድሃ ናዲካ በምትባል ቦታ ሳለ መነኮሳቱን ሰብስቦ ሞትን ማሰብን ትለማመዳላችሁ ወይ ብሎ ጠየቃቸው። አንዱ ተነሥቶ እለማመዳለሁ፣ አንድ ቀንና ሌሊት ብቻ ብኖር የጌታዬን ትምህርት ልብ ብዬ ብዙ በሠራሁ ብዬ አስባለሁ አለ። ሁለተኛው አንድ ቀን አለ። ሦስተኛው አንድ ምሳ በልቼ እስክጨርስ፣ አራተኛው አራት አምስት ጉርሻ እስክውጥ፣ አምስተኛው አንድ ጉርሻ አላምጬ እስክውጥ አሉ። ስድስተኛው ወደ ውስጥ የሳብኩትን አየር እስካወጣ፣ ያወጣሁትን እስክስብ ድረስ ብኖር አለ።

ቡድሃ የመጀመሪያዎቹን አራቱን «በመዘናጋት የሚኖሩ» አላቸው። ቀኑን ያለውንም፣ ምሳውን ያለውንም። ያመሰገነው ሁለቱን ብቻ ነበር፤ ባለ አንድ ጉርሻውንና ባለ አንድ እስትንፋሱን።

ይህን ታሪክ መጀመሪያ ስሰማ ከባድ መስሎኝ ነበር፤ አራቱም እኮ ከእኔ በጣም የተሻሉ ናቸው። ኋላ ግን ነገሩ የገባኝ መሰለኝ። ሞት በሩቅ ሲሆን ሐሳብ ነው፣ በእስትንፋስ ልክ ሲሆን ግን ሥራ ይሆናል። ይህቺ ጉርሻ የመጨረሻዬ ብትሆን ብሎ የሚያላምጥ ሰው፣ የሚበላውን ያውቃል፤ አጠገቡ የተቀመጠውንም ያያል። ስለዚህ ሞትን ማሰብና ሰሃን ማጠብ ሁለት ትምህርት አይደሉም። ለመሞከር የሚፈልግ በቀን አንድ እስትንፋስ ይበቃዋል፤ ከእንቅልፍ ሲነሣ ወይም ቤት ሲቆልፍ።

ሞትን ማሰብን ሕይወትን መጥላት ማድረግ

የቡድሂስት መጻሕፍት ይህን አደጋ አልደበቁም። ቬሳሊ በምትባል ከተማ አጠገብ ቡድሃ ለመነኮሳት ስለ ሰውነት አስቀያሚነት ማሰላሰልን አስተምሮ ለግማሽ ወር ብቻውን ሊሆን ገለል አለ። ሲመለስ የመነኮሳቱ ቁጥር ቀንሶ አገኘው። ሰውነታቸውን እስኪጸየፉ ደርሰው ብዙዎች ሕይወታቸውን አጥፍተው ነበር። ያን ጊዜ የቀሩትን ሰብስቦ ሌላ መንገድ ሰጣቸው፤ እስትንፋስን ማስተዋል። በበጋው ማብቂያ ድንገት የጣለ ዝናብ የተነሣውን አቧራ እንደሚያስቀምጥ፣ ይህም ክፉውን ሐሳብ ያረጋጋል አላቸው።

ዛሬም በታይላንድ አንዳንድ ገዳማት አዳራሽ ውስጥ የሰው አፅም ቆሞ ይታያል፤ ለሚችለው ትምህርት ነው። ነገር ግን አዲስ ኀዘን ላይ ያለ ወይም ልቡ የጨለመበት ሰው በአፅም አይጀምር። ወደ ሐኪም፣ ወደ ወዳጅ ይሂድ፤ ማሰላሰል ካለበትም በእስትንፋስ ይሁን። መምህሩ ራሱ ያረመውን ትምህርት ተማሪው የሚደብቅበት ምክንያት የለም።

ሕመምን ለማጥፋት መጠቀም

እዚህ ላይ ባጭሩ ልለፍ። ቡድሃ ሕመምን በቀስት መስሎታል። ያልተማረ ሰው በሁለት ቀስት ይወጋል፤ አንደኛው የሥጋው ሕመም ነው፣ ሁለተኛው በዚያ ላይ የሚጨምረው ዋይታና ብስጭት። ማስተዋል ሁለተኛውን ነው የሚያስቀረው። የመጀመሪያውን ለማስቀረት ማስታገሻ መድኃኒት አለ፤ መውሰዱም ነውር የለበትም።

«አሟሟቴ ባያምርስ» እያሉ መጨነቅ

መሃናማ የቡድሃ ዘመድ ነበር፤ ካፒላቫቱ የሚኖር፣ ቤተሰብና ሥራ ያለው ሰው። አንድ ቀን እንዲህ ብሎ መጣ፦ ከተማው ሰው የሞላበት ነው፤ ማታ ስገባ የባዘነ ዝሆን፣ ፈረስ፣ ሠረገላ፣ ጋሪ ያጋጥመኛል። ያን ጊዜ ማስተዋሌ ይጠፋል። እዚያው መንገድ ላይ ብሞት ምን እሆናለሁ? የአዲስ አበባን የማታ ትራፊክ የሚያውቅ ሰው ይህን ጥያቄ ለማስረዳት ሌላ ምሳሌ አይፈልግም።

ቡድሃ «አትፍራ» አለው። የቅቤ እንስራ ጥልቅ ውኃ ውስጥ ቢሰበር ገሉ ይሰጥማል፣ ቅቤው ግን ወደ ላይ ይወጣል፤ ሥጋም እንዲሁ ይቀራል፣ በደግ የኖረ ልብ ግን ወደ ላይ ይወጣል ማለቱ ነው። በሌላ ጊዜ ለዚሁ ጥያቄ፣ ወደ ምሥራቅ ያዘነበለ ዛፍ ቢቆረጥ ወዴት ይወድቃል ብሎ ጠየቀው። ወዳዘነበለበት። ስለዚህ የመጨረሻዋን ደቂቃ እንደ ፈተና መፍራት ከንቱ ነው፤ ዛፉ የሚያዘነብለው በዘወትሩ ቀን ነው።

ለታመመ ሰው መስበክ

ማስተዋልን ትንሽ የቀመሰ ሰው ኀዘንተኛ ቤት ገብቶ «ሁሉም አላፊ ነው» ሲል ከሰማችሁ፣ ሻይ አቅርቡለትና ዝም አስብሉት። ኪሳ ጎታሚ የሞተ ልጇን ታቅፋ መድኃኒት ስትለምን ቡድሃ ስለ አላፊነት አልሰበከላትም። ሰው ሞቶበት ከማያውቅ ቤት የሰናፍጭ ፍሬ አምጪ ብሎ ላካት፤ ቤት ለቤት እየዞረች የሌሎችን ኀዘን ስትሰማ ራሷ ደረሰችበት።

ከሁሉ የምወደው ግን የናኩላ እናትን ታሪክ ነው። እኛም እንደምናደርገው ሚስትም ባልም በልጃቸው ስም ነው የሚጠሩት። የናኩላ አባት በጠና ታመመ። ሚስቱ አጠገቡ ተቀምጣ፣ በሐሳብ ተይዘህ አትሙት አለችው፤ እንዲያ መሞት ያሠቃያል። ልጆቹን ማን ያሳድጋል ትል ይሆናል፤ እኔ ጥጥ መፍተል፣ ሱፍ ማበጠር እችላለሁ፣ አሳድጋቸዋለሁ። ሌላ ባል ታገባለች ትል ይሆናል፤ እንዴት እንደኖርን አንተም እኔም እናውቃለን። ስጋቱን አንድ በአንድ እየጠራች አወረደችለት።

የናኩላ አባት ዳነ። ብዙም ሳይቆይ ምርኩዙን ተደግፎ ቡድሃ ዘንድ ሄደ፤ ቡድሃም እንዲህ ያለች መካሪ ሚስት ያለችህ እድለኛ ነህ አለው።