ጉልበቱ ለበዛ የመንገድና የድራግ መኪና ማርሽ እንዴት ይመረጣል

ነዳጅ ፔዳሉን እስከ ወለሉ ትረግጣላችሁ። ሞተሩ ይጮኻል፣ የዙር መቁጠሪያው ቀስት ሽቅብ ይወረወራል፣ ከኋላ ጭስ ይነሳል። መኪናው ግን እምብዛም አልተነቃነቀም። 2ኛ ታስገባላችሁ፤ ያው ነው። 3ኛ ላይ ጎማው አስፋልቱን ያዝ ሲያደርግ ከጎን የተነሳው ደከም ያለ መኪና ቀድሞ ሄዷል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ የሚወቅሰው ጎማውን ነው። ጎማው ድርሻ አለው፤ ማርሹም ግን ከደሙ ንጹሕ አይደለም። አብዛኞቻችን ስለ ማርሽ የተማርነው በደካማ ሞተር ነው። ደካማ ሞተር ከቆመበት ለመነሳት ከባድ ማርሽ ይፈልጋል። ጉልበተኛ ሞተር ላይ የሚያጥረው ጉልበት አይደለም፤ ጎማው መሬት የሚይዝበት አቅም ነው። ስለዚህ ምርጫው ከ1ኛ ማርሽ አይጀምርም። ከውድድሩ መጨረሻ ተነስቶ ወደ ኋላ ይሄዳል፦ መጀመሪያ ጎማና ዲፈረንሻል (ከካምቢዮ የመጣውን ጉልበት ለኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው ማርሽ)፣ ከዚያ 1ኛ ማርሽ፣ ከዚያ በመሃል ያሉት፣ በመጨረሻ የመንገድ ጉዞ።

ነገሩ በአየር ላይ እንዳይቀር አንድ መኪና ይዘን እንሂድ። ክብደቱ 1600 ኪሎ ነው፤ የሚነዳው በኋላ ጎማ ነው። ሞተሩ 700 የፈረስ ጉልበትና 800 ኒውተን ሜትር ቶርክ፣ ማለትም የማዞር ኃይል፣ አለው። ካምቢዮው ባለ 6 ማርሽ ማኑዋል ነው። ባለቤቱ በራሱ ነድቶት ወደ ድራግ ሜዳ፣ ማለትም ከቆሙበት ተነስቶ በቀጥታ መስመር ወደሚሮጥበት ሜዳ፣ ይሄዳል፣ 402 ሜትሩን ይሮጥበታል፣ ነድቶት ወደ ቤቱ ይመለሳል።

አንድ ነገር አስቀድመን እንግባባ። ሬሾ 2.66 ማለት ከካምቢዮ የሚወጣው ዘንግ አንዴ እስኪዞር ሞተሩ 2.66 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። ቁጥሩ በጨመረ መጠን ማርሹ ከበደ እንላለን። ይህ ቁጥር በዲፈረንሻሉ ሬሾ ይባዛል። 2.66 በ4.10 ሲባዛ 10.9 ገደማ ይመጣል። ጎማው የሚያውቀው ይህን ብዜት ብቻ ነው። የካምቢዮውን ቁጥር ለብቻው እያዩ መከራከር ትርፍ የለውም።

1. ሞተሩ የት የት እንደሚጎትት እወቁ

የዳይኖ (የሞተር ጉልበት መለኪያ ማሽን) ወረቀት ካላችሁ ከላይ የተጻፈውን ትልቁን ቁጥር ለጊዜው ተዉት። የምትፈልጉት ስፋቱን ነው፤ ሞተሩ ከስንት ዙር እስከ ስንት ዙር ጠንክሮ ይጎትታል? የኛ ሞተር በደቂቃ ከ5000 እስከ 7200 ዙር ድረስ ብርቱ ነው እንበል። 5000ን ለ7200 ስናካፍል 0.69 ይመጣል። ይህን ቁጥር ጻፉት፤ ኋላ እንፈልገዋለን።

ቱርቦ ካለው ጥንቃቄው ይጨምራል። ማርሽ ተቀይሮ ዙሩ በጣም ከወረደ የቱርቦው ግፊትም አብሮ ይወርዳል። ግፊቱ እስኪመለስ የሚባክነው ጊዜ ሰዓቱ ላይ ይታያል።

2. ጎማውን ራሳችሁ ለኩ

ጎማው ላይ የተጻፈውን መጠን አትመኑ። ሁለት ሰው፣ ጠመኔና ሜትር ይበቃል። የጎማውን አየር በምትሮጡበት ልክ አድርጉ። አንዱ ሹፌሩ ወንበር ላይ ይቀመጥ፤ ክብደቱ ጎማውን ጫን ማድረግ አለበት። ጎማው መሬቱን በሚነካበት ቦታ ላይ ጎማውንም ወለሉንም በጠመኔ ምልክት አድርጉ። መኪናውን በቀስታ ግፉት፤ የጎማው ምልክት ሦስት ጊዜ ዞሮ መሬት ሲነካ ወለሉ ላይ ሁለተኛ ምልክት አድርጉ። በሁለቱ የወለል ምልክቶች መካከል ያለውን ርቀት ለክታችሁ ለ3 አካፍሉ።

ቁመቱ 28 ኢንች የሚባል ጎማ በስሌት ዙሪያው 2.23 ሜትር ገደማ ነው። ስትለኩት ትንሽ ሊያንስ ይችላል፤ የለካችሁትን ተጠቀሙ። ለድራግ የሚሠሩት ለስላሳ የቢያስ ጎማዎች (ውስጣቸው ያለው ክር በሰያፍ የተዘረጋ) ደግሞ በፍጥነት ሲዞሩ ያድጋሉ። ራዲያል ጎማ፣ ክሩ ቀጥ ብሎ ከጎን ወደ ጎን የተዘረጋው፣ ብዙም አያድግም።

3. ከመጨረሻው መስመር ተነስታችሁ ዲፈረንሻሉን ምረጡ

መኪናው 402 ሜትሩን ሲጨርስ በስንት ፍጥነት እንደሚያልፍ መገመት ይቻላል። የፈረስ ጉልበቱን ለክብደቱ በኪሎ አካፍሉ፣ የውጤቱን ሦስተኛ ሥር አውጡ፣ በ289 አባዙ። ለኛ መኪና 700 ሲካፈል ለ1600፣ 0.4375 ነው። ሦስተኛ ሥሩ 0.76 አካባቢ ነው። በ289 ሲባዛ በሰዓት 220 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ግምት ነው፤ ሥራ ለመጀመር ግን ይበቃል።

መስመሩን በ4ኛ ማርሽ፣ ማለትም በ1.00 ብታልፉ ይሻላል። በዚህ ማርሽ ጉልበቱ በጎን ዘንግ ሳይዞር ከመግቢያው ዘንግ ቀጥታ ወደ መውጫው ያልፋል። ብክነቱም ያንሳል፣ ጥርሶቹም አይጨነቁም። ከ1.00 በታች ያሉት ማርሾች ለሙሉ ጉልበት አልተፈጠሩም።

በ220 ኪሎ ሜትር 2.23 ሜትር ዙሪያ ያለው ጎማ በደቂቃ 1644 ጊዜ ይዞራል። ይህን በዲፈረንሻል ሬሾ አባዙት። በ3.73 ሞተሩ 6130 ዙር ላይ ይሆናል፤ ጉልበት ሳይወጣ ውድድሩ ያልቃል። በ4.56 ወደ 7500 ይደርሳል፤ ከልክ ያልፋል። በ4.10 ደግሞ 6740 ይሆናል። ጎማ እዚያ ፍጥነት ላይም ትንሽ ስለሚንሸራተት በተግባር 7000 አካባቢ ይሆናል። 4.10 ልኩ ነው።

እዚህ ጋ ብዙዎችን የሚያስገርም ነገር አለ። ይኸው መኪና 1000 የፈረስ ጉልበት ቢኖረው መስመሩን በ247 ኪሎ ሜትር ገደማ ያልፋል። ያኔ የሚስማማው ዲፈረንሻል 3.73 አካባቢ ነው። ጉልበት ሲጨምር ሬሾው ይወርዳል። "ሞተሩን አጠንክሬዋለሁ፣ አሁን ደግሞ ዲፈረንሻሉን ላክብደው" የሚል ሰው ካያችሁ ያዝ አድርጉት።

4. አሁን 1ኛ ማርሽ

በገበያ ካሉት ካምቢዮዎች የትሬሜክ ማግነም ጥሩ ምሳሌ ነው፤ በሁለት ዓይነት የማርሽ ስብስብ ይገኛል። አንዱ 2.66፣ 1.78፣ 1.30፣ 1.00፣ 0.80፣ 0.63 ነው። ሌላው 2.97፣ 2.10፣ 1.46፣ 1.00፣ 0.74፣ 0.50 ነው። አብዛኛው ሰው 2.97 ን ያያል፣ "ይሄ ይነሳል" ይላል። ቆይ፣ እናስላው።

800 ኒውተን ሜትር በ10.9 ሲባዛ 8720 ነው። ከሞተሩ ጎማው እስኪደርስ ወደ 15 በመቶ ይባክናል ብንል 7400 ገደማ ይተርፋል። ይህን ለጎማው ራዲየስ፣ ለ0.355 ሜትር ስናካፍል ጎማው መሬቱን የሚገፋበት ኃይል 20,900 ኒውተን አካባቢ ይሆናል። የመኪናው ጠቅላላ ክብደት ግን 15,700 ኒውተን ነው። መኪናው ሲነሳ ከዚህ 70 በመቶው ወደ ኋላ ጎማ ቢሄድ 11,000 ነው። ጥሩ የመንገድ ጎማ በደረቅ አስፋልት መያዝ የሚችለው በግምት የተሸከመውን ያህል ነው። ሃያ አንድ ሺህ በሚገፋበት ቦታ አሥራ አንድ ሺህ ብቻ ይያዛል። የቀረው ጭስ ነው።

2ኛም ላይ ኃይሉ 14,000 ነው፤ አሁንም ይበልጣል። 3ኛ ላይ 10,200 ሲሆን ጎማው ይይዛል። መግቢያው ላይ ያየነው መኪና 3ኛ ላይ ብቻ ለምን እንደያዘ ገባችሁ?

ለድራግ የተሠራ ለስላሳ ጎማ፣ ማጣበቂያ በተረጨበት ሜዳ ላይ ሲሆን ከተሸከመው ክብደት አልፎ መያዝ ይችላል። በዚያ ሁኔታ 10.9 ይሠራል። 2.97 ን ከመረጣችሁ ብዜቱ ወደ 12.2 ይወጣል፤ ኃይሉም ከ23,000 ያልፋል። በዚያ ላይ 1ኛ ማርሽ በ79 ኪሎ ሜትር ያልቃል። በ2.66 ግን እስከ 88 ይሄዳል። መኪናው ገና በኋላ እግሩ ተቀምጦ ክብደቱ ሳይረጋጋ ማርሽ ከመቀየር ያድናችኋል። ለኛ መኪና ምርጫዬ ያለ ማመንታት 2.66 ነው።

የጥንካሬም ጉዳይ አለ። 1ኛ ማርሽ በከበደ ቁጥር በጎን ዘንጉ ላይ ያለው ጥርስ እያነሰ ይሄዳል፤ ትንሽ ጥርስ ቶሎ ይሰበራል። ዲፈረንሻልም እንዲሁ ነው። በፎርድ 9 ኢንች ዲፈረንሻል 3.50 የሚሠራው በኮሮናው (በትልቁ ማርሽ) 35 እና በፒኞኗ (በትንሿ ማርሽ) 10 ጥርስ ነው፤ 4.11 ደግሞ በ37 እና በ9። ፒኞኗ አንድ ጥርስ ቀንሳለች፣ ቀጥናለችም።

5. በማርሾቹ መካከል ያለውን ክፍተት ፈትሹ

ያችን 0.69 አምጧት። ቀጣዩን ማርሽ ለቀዳሚው ስታካፍሉ ከ0.69 ባይወርድ ጥሩ ነው። ከወረደ ሞተሩ ከሚጎትትበት ቦታ ይወጣል።

በ7200 ዙር ብንቀይር፣ ባለ 2.66 ው ስብስብ ከ1ኛ ወደ 2ኛ ሲገባ 4820 ላይ ይወርዳል። ከ2ኛ ወደ 3ኛ 5260፣ ከ3ኛ ወደ 4ኛ 5540 ላይ ያርፋል። ባለ 2.97 ው ደግሞ በቅደም ተከተል 5090፣ 5000 እና 4930 ላይ ያርፋል።

ወረቀት ላይ ሁለተኛው እኩል የተከፋፈለ ስለሆነ ያምራል። እኔ ግን የመጀመሪያውን እወዳለሁ። ታች ላይ ጉልበት ትርፍ ነው፤ ዙሩ ትንሽ ቢወርድ ጎማው እንዲያውም ያመሰግናችኋል። ላይ ሲሆን ነፋሱ መኪናውን ወደ ኋላ ይገፋዋል፣ ፍጥነት መጨመርም ይከብዳል። እዚያ ላይ እያንዳንዱ ዙር ዋጋ አለው። ክፍተቱ ወደ ላይ እየጠበበ መሄድ አለበት የምለው ለዚህ ነው።

6. የመንገዱ ጉዞ

በ100 ኪሎ ሜትር፣ በ4.10 ዲፈረንሻል፣ 4ኛ ማርሽ ላይ ሞተሩ 3060 ዙር ይዞራል። አንድ ሰዓት እንዲህ ከተነዳ ጆሮ ይደክማል። 0.63 ሲገባ ወደ 1930 ይወርዳል። ሸጋ ነው። 0.50 ቢሆን 1530 ነው፤ ትልቅ ካምሻፍት (የሞተሩን ቫልቮች የሚከፍተው ዘንግ) የገባለት ሞተር እዚያ ላይ ይንገጫገጫል፣ ማርሹም ከጌጥ አያልፍም። የካምሻፍቱን ጠባይ ሳታዩ "ዝቅ ያለው ይሻላል" አትበሉ።

አውቶማቲክ ከሆነ

ስሌቱ ያው ነው፤ ግን ቶርክ ኮንቨርተሩ (በፍሪሲዮን ቦታ ሞተሩን ከካምቢዮው በዘይት የሚያገናኘው) በመነሻው ላይ ቶርኩን ሁለት እጥፍ ገደማ ያደርገዋል። ስለዚህ 1ኛ ማርሹ ያን ያህል መክበድ የለበትም። ፓወርግላይድ የሚባለው አውቶማቲክ ካምቢዮ ሁለት ማርሽ ብቻ ይዞ፣ 1ኛው 1.76 ወይም 1.82 ሆኖ፣ በጣም ጉልበተኛ የድራግ መኪኖች ላይ የሚገባው ለዚህ ነው። ለመንገድ ግን አይመችም፤ ከ1.00 በታች ማርሽ የለውም። ቱርቦ 400 የሚባለው ካምቢዮ በ2.48፣ 1.48 እና 1.00 ጠንካራ ነው፣ እሱም የጉዞ ማርሽ ይጎድለዋል። ሁለቱንም ለሚፈልግ ሰው 4ኤል80ኢ የሚባለው ካምቢዮ ይሻላል፤ ያንኑ 2.48፣ 1.48፣ 1.00 ይዞ 0.75 ይጨምራል።

ስለ ጥርስ ቅርጽ አጭር ቃል። ሰያፍ ጥርስ ጸጥ ይላል፤ ግን ሲጫን ዘንጉን በርዝመቱ አቅጣጫ ይገፋዋል። ቀጥ ያለ ጥርስ ይህን አያደርግም፣ ዋጋው ግን ጩኸት ነው። ሲንክሮ (ማርሹ ሲገባ ፍጥነቱን የሚያስተካክለው ቀለበት) የሌለው፣ በትላልቅ ጥርሶች በቀጥታ የሚያያዝ ባለ ዶግ ካምቢዮ ደግሞ በኃይልና በፍጥነት ሲቀየር ደስ ይለዋል። በከተማ መጨናነቅ ውስጥ በቀስታ እየተለማመጡ ሲያስገቡት ጥርሱ ይበላል። መኪናው ዕለት ዕለት የሚነዳ ከሆነ ባለ ሲንክሮውን ያዙ።

ከተገጠመ በኋላ

ሜዳ ላይ ስትወጡ የሞተሩን ዙር የሚመዘግብ ነገር ይኑራችሁ። የምታዩት ሁለት ቦታ ነው፦ ማርሽ ከተቀየረ በኋላ ዙሩ ያረፈበትና መስመሩን ሲያልፍ ያለው ዙር። መስመሩ ላይ ዙሩ ከበዛ ዲፈረንሻል ከማውረዳችሁ በፊት ጎማ ሞክሩ። በ28 ኢንች ፈንታ 30 ኢንች ጎማ ቢገባ 4.10 ው እንደ 3.83 ይሆናል። የፍጥነት መለኪያውም አብሮ ይሳሳታልና አስተካክሉት።

ኮሮናና ፒኞን አዲስ ከሆኑ በመጀመሪያው ቀን አትርገጡ። ሩብ ሰዓት ያህል በቀስታ ንዱና አቁሙት፤ በደንብ ይቀዝቅዝ። ይህን ጥቂት ጊዜ ደጋግሙ። 800 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሞላ ዘይቱን ቀይሩ። የወጣውን ዘይት በጣታችሁ መካከል አሹት፤ ለስላሳ ግራጫ ዱቄት ቢኖርበት የተለመደ ነው፣ የሚቆረቁር ብረት ካለበት ግን ክፈቱት።